እሳት ያልነካው ሻይ

«ከኛ ቀበሌ አንድ ሰው ጎደለ ተባለና የጥሩሐረግን ልጅ ከገበያ አፍሰው ሞሉበት። የጎደለው የማን ልጅ እንደሆነ ደግሞ የማያውቅ የለም» አለች አመተ ሥላሴ፣ በቀበሌው ሱቅ ሰልፍ መሐል ቆማ፣ ዘንቢሏን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው እያዛወረች። ለማን እንደተናገረችው አይታወቅም። ከኋላዋ ያለችው ሴት «ኧረ ተይ፣ ግድግዳም ጆሮ አለው» ብላ ሳቀች። ከነሱ ትንሽ ራቅ ብላ ሐሊሜ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ቆማለች። መስማቷን ማንም እንዳያውቅባት ብላ ቀና አለችና ዝናብ የሚመጣ ይመስል ሰማዩን ማየት ጀመረች። የሰቆጣ የግንቦት ሰማይ ደግሞ ምን የሚታይ ነገር አለው? እንደታጠበ ሰሐን ባዶ ነው።

የጎደለው የሷ ልጅ ነው። ዑስማን፣ የበኩር ልጇ፣ በጥር ወር ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ «ደሴ አጎቱ ዘንድ ሄዷል» ተባለ። ቀበሌው ግን ከላይ የመጣ ቁጥር አለበት፤ ከላይ የመጣ ቁጥር ደግሞ ደሴ ሄደ፣ የትም ሄደ የሚባል ነገር አይሰማም። ስለዚህ መጋቢት ላይ የጎረቤቷ የጥሩሐረግ አንድ ልጅ፣ ምትኩ፣ ወይራ ፈልጦ አህያዋ ላይ ጭኖ ሊሸጥ ገበያ እንደወጣ በዚያው ቀረ። አህያዋ ሸክሟን እንደተሸከመች ብቻዋን ወደ ቤት ተመለሰች። ጥሩሐረግ እንጨቱን አውርዳ ግቢዋ ጥግ ደረደረችው፤ አልሸጠችውም፣ አላነደደችውም። ይህን ሐሊሜ በግንቡ ላይ በየቀኑ ታየዋለች።

ተራዋ ሲደርስ ባለ ሱቁ ስኳር አልመጣም አላት። በጓሮ ኪሎው ስምንት ብር ገብቷል ይባላል፤ እዚህ ግን ያለው ሻይ ቅጠል ብቻ ነው። ጥቅሉን ሲያቀብላት «እናንተ ቤት ሻይ ይበላል እንዴ? ባለፈው ሳምንት ወስደሽ አልነበር?» ሲል ቀለደባት። «ነጋዴ ቤት እንግዳ ይበዛል» አለችው። አመተ ሥላሴ ድምፁን ሰምታ ዞር አለችና አየቻት። ሁለቱም «እንዴት አደርሽ» ተባባሉ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ፤ ሐሊሜም ሻይ ቅጠሏን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ቁልቁለቱን ወረደች። ብታለቅስስ ማን ያዝንላታል? ልጇ በቤቱ ያለ ሴት ምን ብላ ታለቅሳለች።

ቤታቸው እንደ ጥንቱ የሰቆጣ ቤት የድንጋይ ነው። ፊት ለፊቱ የባሏ የዓብዱልቃድር ሱቅ ነው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ክር፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ጥቂት አቡጀዲ። ከሱቁ በስተኋላ መደብ ያለበት አንድ ሰፊ ክፍል አለ፤ ከክፍሉ ጥግ ምድጃው፣ ከምድጃው በላይ ደግሞ በወይራ አግዳሚ የተሠራ የእህል ቆጥ። የጥንት ሰው ቆጡን ከምድጃ በላይ ያደረገው በብልሃት ነው፤ ጭሱ ሽቅብ ወጥቶ ማሽላውን ከነቀዝ ይጠብቃል። ሐሊሜም ልጇን ከመንግሥት ልትደብቅ ስታስብ ከዚያ ሌላ ቦታ አላገኘችም። ሱቁ ለሁሉ ክፍት ነው፤ ግቢው ከሦስት በኩል ይታያል። ከእህል ጆንያዎቹ ጀርባ አጎዛ አንጥፋ ልጇን እዚያ ሰቀለችው። በመጀመሪያው ጠዋት እሳት አነደደች። ጭሱ ገና ወደ ላይ ከመሳቡ ዑስማን ማሳል ጀመረ። ከሕፃንነቱ ኩፍኝ ከያዘው ወዲህ ደረቱ ደካማ ነው፤ ሳሉ አንዴ ከተነሣ ደግሞ እንደ ሽማግሌ ሳል ነው፣ ከመንገድ ይሰማል። ሐሊሜ በእንስራ ያለውን ውሃ ሁሉ ምድጃው ላይ ደፋችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት እሳት አልነደደም።

እሳት የሌለበት ቤት ደግሞ በዋግ ቀላል ነገር አይደለም። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ገሉን ይዞ ይመጣል፤ «እሳት አላችሁ?» ይላል፤ ፍም ጭሮ ይሄዳል። የተጣላ ሰው እንኳ እሳት አይከለከልም። እሳትና ውሃ የከለከለ ሰው ስሙ አይነሣም። ሐሊሜ ለዚህ ሁሉ ያገኘችው መልስ ዓይኗ ነው። «ሐኪሙ ጭስ አይንካሽ ብሎኛል» አለች። እንጀራውንም ወጡንም የባሏ እህት ዓሲያ ከመስጊዱ በታች ካለው ቤቷ ጋግራና ሠርታ ትሰጣታለች፤ እሷ በነጠላዋ ሸፍና ታመጣለች። ጎረቤቱም አመናት፤ ወይም ያመነ መሰለ። ጠዋት ጠዋት ገል ይዘው የሚመጡት ሴቶች ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ደጅ ዞሩ። ጥሩሐረግ ብቻ ናት መምጣት ያልተወችው።

ሻዩ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። አንድ ምሽት ሐሊሜ ሻይ ቅጠሉን በማሰሮ ውሃ ውስጥ ጨምራ ዓሲያ ቤት ወስዳ ልታፈላው ስትል አብዮት ጥበቃዎች በመንገዱ ሲያልፉ ሰማችና ማሰሮውን በር ሥር አስቀምጣው ተኛች። ሲነጋ ልትደፋው ከፈተችው። ውሃው ቀልቶ፣ ጠርቶ፣ ከሥሩ ያሉት ቅጠሎች አንድ በአንድ ይታያሉ። ቀመሰችው። ምሬት የለው፣ ጉሮሮ የሚይዝ ነገር የለው፤ አፏ ውስጥ ጣፋጭ መዓዛ ብቻ ጥሎ ቁልቁል ወረደ። «ያ አላህ፣ ይሄን ያህል ዘመን በከንቱ ነው ያፈላሁት?» አለች ለራሷ። ከዚያ ወዲያ እየተማረችው ሄደች። ቅጠሉን በንጹሕ ሻሽ ቋጥራ፣ ትንሽ ቀረፋና አንድ ፍሬ ቅርንፉድ ጨምራ፣ ማሰሮውን በረጠበ ጆንያ ጠቅልላ ነፋስ በሚገባበት በር ሥር ታሳድረዋለች። ስኳር በቀዝቃዛ ውሃ እሺ ብሎ አይሟሟም፤ ቢገኝም ወርዶ ከሥር ይተኛል። ስለዚህ ከጋዝጊብላ የሚመጣውን ነጭ ማር በጥቂት ውሃ በጥብጣ ትጨምርበታለች። ውጭ ድንጋዩ በሙቀት ሲሰነጠቅ እሷ ቤት ሻዩ እንደ ምንጭ ውሃ ይቀዘቅዛል።

ዛሬም ከሰልፉ እንደገባች መጀመሪያ ያደረገችው ያደረውን ማሰሮ መክፈት ነው። በትልቁ ኩባያ ቀዳችና መሰላሉ ላይ ሁለት እርምጃ ወጥታ በአግዳሚዎቹ መሐል አቀበለችው። እጁ መጣና ወሰደ። ጣቶቹ ነጥተዋል፣ የሴት እጅ መስለዋል። በሆዱ ተኝቶ ነው የሚጠጣው፤ ሲውጥ ይሰማታል። ከቀኑ ሁሉ የምትወደው ይህችን ጊዜ ነው።

«እማ፣ ነገ ቅርንፉዱን ተዪው። ቀረፋው ይበቃል» አላት በሹክሹክታ።

«ሱልጣን ሆንክብኝ እኮ አንተ ልጅ!»

ሳቀ፤ ሳቁንም በእጁ አፈነው። «ውጭ ምን አለ?»

«ሙቀት ነው። ምንም የለ።»

«ምትኩስ?»

«አለ። እንጨቱን ይሸጣል» አለችና ኩባያውን ተቀብላ ወረደች። ሁልጊዜ ይጠይቃታል፤ ሁልጊዜም ይህንኑ ትለዋለች። አብረው ነው ያደጉት፤ በአንድ ግንብ ላይ ሲንጠላጠሉ። እውነቱን ብትነግረው በዚያው ሰዓት ወርዶ እጁን እንደሚሰጥ ታውቃለች። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች።

ሱቁ ውስጥ ዓብዱልቃድር ጨው ይሰፍራል። አላያትም። እነዚህ ባልና ሚስት ከጥር ወዲህ የሚያወሩት ስለ ጨውና ስለ ሳሙና ብቻ ነው። እሱ ያን ጊዜ ልጁን በአበርገሌ አድርጎ፣ ተከዜን አሻግሮ ሊልከው ፈልጎ ነበር፤ ከብት ነጂዎች ያውቃል፤ መንገድ ነበረው። እሷ ናት እግሩ ላይ ወድቃ ያስቀረችው። «በዚያ ቆላ ወባ ከሚገድለው እዚሁ ዓይኔ ሥር ይሁንልኝ» አለች። እሺ አላት። ከዚያ በኋላ አልወቀሳትም፤ ቢወቅሳት በተሻላት ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ጥሩሐረግ መጣች። «እሳት እንኳ የለሽ፣ በይ ሻይሽን ስጪኝ» ነው የዘወትር ሰላምታዋ። ገሏን በር ላይ አኑራ ደፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ሐሊሜም ሁለት ብርጭቆ ቀድታ አጠገቧ ተቀመጠች። ጥሩሐረግ ሻይ ስትጠጣ ማየት ያስጎመጃል። ብርጭቆውን መጀመሪያ ግንባሯ ላይ ታደርገዋለች፣ ቀጥሎ ጉንጯ ላይ፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና አንድ ጊዜ ትጎነጫለች፤ «እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» ትላለች። ስለ ውሃ ወረፋው አወሩ፤ ስለ ክረምቱ፣ ዘንድሮስ ይዘንብ ይሆን እያሉ። አህያዋ ትናንት ሌሊት ወለደች፤ ውርንጭላዋ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጥብ አላት። «ምትኩ ቢኖር ስም ያወጣላት ነበር» አለች ጥሩሐረግ። ሐሊሜ ዓይኗን ወደ ብርጭቆዋ መለሰች። ይህች ሴት በየቀኑ ትመጣለች፣ ትጠጣለች፣ ታወራለች፤ «ዑስማን ደሴ እንዴት ሰነበተ?» ብላ ግን አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም። ሐሊሜን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራት ይህ ነው።

«ትናንት በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ስምሽን አነሣሁት» አለች ጥሩሐረግ ደግሞ ብርጭቆዋን ዘርግታ። «ሙቀቱ ፈጀን፤ አንዷ በጣሳ ውሃ ሰጠችኝ። ‹የሐሊሜን ሻይ የጠጣ ይሄን አይጠጣም፣ እሳት ሳታስነካ ነው የምትሠራው› አልኳት። ለካ ጓድ ምንዋጋው ከኋላዬ ቆሟል። ‹ያለ እሳት? ይሄንስ መጥቼ እቀምሳለሁ› አለና ሳቀ።»

ሐሊሜ ሻዩን የምትቀዳበት እጅ ቆመ። ምንዋጋው የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው።

«ምነው? ክፉ ተናገርኩ እንዴ?» አለች ጥሩሐረግ ቀስ ብላ።

«ኧረ ምን ክፉ አለው! ሻይ አይደል?»

ጥሩሐረግ አየቻት። ለምን ያህል ጊዜ እንዳየቻት ሐሊሜ አታውቅም። ከዚያ ጎረቤቷ ነጠላዋን እያራገፈች ተነሣች፤ «ጉድ ነው እቴ፣ የኔ አፍ» አለች፤ ሻዩን ሳትጨርስ ሄደች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም።

ሐሊሜ ሱቁ ገብታ ለባሏ ነገረችው። እሱ የጨው መስፈሪያውን አስቀመጠ። ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን በደንብ አየው። «ዛሬ ሲመሽ ይውጣ» አላት። «የአበርገሌ ሰዎች ለገበያ መጥተዋል፤ እነሱን አናግራለሁ። ወንዙ ሳይሞላ ይሻገራል።»

«እሺ» አለች። ይህን እሺ ያኔ ብላው ቢሆን! በልቧ የተመላለሰው ይህ ብቻ ነው። ወደ ጓዳ ተመለሰችና የመንገድ ስንቁን ማሰብ ጀመረች፤ በሶ፣ ትንሽ ማር፣ ጫማ። ለልጇ ገና አልነገረችውም፤ ሲመሽ ልትነግረው ነው። ትልቁን ቅል አጥባ ለመንገድ የሚሆን ሻይ ልትሞላለት ከማሰሮው እየቀዳች ሳለ በሱቁ በኩል ድምፅ ሰማች። ዓብዱልቃድር ጮክ ብሎ፣ ሆነ ብሎ ጮክ ብሎ፣ «እንዴት ዋሉ ጓድ ሊቀ መንበር! ይግቡ! ይግቡ እንጂ!» ይላል። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እንዲህ ነው። ገና አሥር ሰዓት አልሆነም ነበር።

ምንዋጋው መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ገባ። ከኋላው ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች። ይህ ሰው ልጅ ሳለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጥሮ ክር ግዛ እየተባለ እዚህ ሱቅ ይላክ ነበር፤ ሐሊሜ «አንተ ምንዋጋው፣ ና ዳቦ ብላ» ትለው ነበር። ዛሬ «እርስዎ» ትለዋለች፤ እሱም «እትዬ ሐሊሜ» እያለ እንዳከበራት ነው። መደቡ ላይ ተቀመጠ። ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ዓይኑ ምድጃው ላይ ትንሽ ቆየ። አመድ እንኳ የለበትም፤ ሐሊሜ ጠርጋዋለች። ጠርጋ ባትተወው ይሻል እንደነበር አሁን ገባት።

«ዝነኛውን ሻይ ልቀምስ ነው የመጣሁት» አለ።

ቀዳችለት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ሰጠችው። ተጎነጨ፤ አጣጣመው፤ ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩሐረግ አልዋሸችም። ድንቅ ነው።» አስነጠሰ። «ግን ጉንፋን ይዞኛል እትዬ ሐሊሜ። ቀዝቃዛ ነገር ደረቴን ይወጋኛል። ለኔ በትኩሱ ያድርጉልኝ።»

«ከዓሲያ ቤት አፍልቼ ልምጣ፤ ቅርብ ነው፣ አሁን ደርሼ…»

«እስኪመጣ ይበርዳል።»

«እንግዲያው ግቢ ሦስት ጉልቻ ላድርግ። ዓይኔ ጭስ አይችልም፤ ሐኪሙ…»

«ነፋሱ ያጠፋዋል። ምድጃው የት ሄዶ?» አለ በትሕትና። «ለዓይንዎ ጥሩሐረግ ታንድድልዎት።» ድምፁን ከፍ አድርጎ በግንቡ ላይ ጠራት። «ጥሩሐረግ! ከእሳትሽ ጫሪልን!»

ከግንቡ ወዲያ የጥሩሐረግ ድምፅ መጣ፤ «እሳቴ ጠፍቷል ጓድ ሊቀ መንበር!» አንደኛው ጥበቃ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ጠቆመ። ከጥሩሐረግ ጣሪያ ላይ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሁለቱ ጥበቃዎች ግንቡን ዞረው ሄዱ። ሲመለሱ አንዱ አንድ ክንድ ሙሉ እንጨት ታቅፏል፤ ሐሊሜ እንጨቱን አወቀችው። ምትኩ የፈለጠው፣ አህያዋ ብቻዋን ያመጣችው ወይራ ነው። ጥሩሐረግ ከኋላቸው ገሏን ይዛ ገባች። በገሉ ላይ ሁለት ትናንሽ ፍም ብቻ አሉ፤ አንዱም ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ስንት ጠዋት እሳት ፍለጋ ወደዚህ ቤት ይዛው የመጣችው ገል ነው፤ ዛሬ እሳት ይዞ መጣ። ሐሊሜን ቀና ብላ አላየቻትም።

«ስጪኝ፣ እኔ አነድደዋለሁ» አለች ሐሊሜ። መንደዱ ካልቀረ የገዛ እናቱ ታንድደው። ተንበረከከች። ፍሙን አኖረች፤ ጭራሮውን በጣም በጣም ቀስ እያለች ደረደረች፤ እፍ ስትል ትንፋሿን ወደ ጎን እየሰደደች። እባክህ ጥፋ፤ ያ ረቢ፣ አንዴ ብቻ ይህን እሳት አጥፋልኝ። ወይራው ግን ሁለት ወር ሙሉ በፀሐይ የደረቀ ነው፤ ለመንደድ ምን ይጠብቃል? ያዘ። ትንሽ ነጭ ጭስ ተነሣ፤ ዞረ፤ ተሳበ፤ በአግዳሚዎቹ መሐል ሽቅብ ገባ። ድሮ ለእህሉ እንዲሆን የተሠራው መንገድ ይህ ነው። ማሰሮውን ጣደችው። ዓብዱልቃድር በሱቁና በክፍሉ መሐል ባለው በር ላይ ቆሟል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚቀራ የሚያውቀው እሱና አላህ ናቸው። ምንዋጋው ሰው እንደሚጠብቅ ሰው እግሩን አጥፎ ተቀምጧል። ውሃው አይፈላም። ቀኑን ሙሉ የቀዘቀዘ ውሃ እንዴት ቶሎ ይፈላል!

ከላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። አይጥም ሊሆን ይችላል። ሐሊሜ ግን ታውቀዋለች፤ ሳሉ ከመምጣቱ በፊት ደረቱን እንዴት እንደሚያነሣው፣ እንዴት አጎዛውን እንደሚነክስ። በዚያን ጊዜ ጥሩሐረግ ማሳል ጀመረች።

መጀመሪያ ትንሽ ነበር። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ወገቧን ይዛ፣ እየጎነበሰች፣ እንደ ሳንባ ሕመምተኛ ሳለች። «ጭሱ… ኡህ… ጭሱ ገደለኝ…» ትላለች፣ ደግማ ትስላለች። ዓይኗ ቀላ፤ እንባዋ ወረደ። ሐሊሜ ከምድጃው ሥር ቀና ብላ አየቻት፤ ያን ጊዜም ዓይን ለዓይን ተያዩ። ታውቃለች። ከመጀመሪያው ጀምሮ ታውቃለች። ልጇ በማን ፋንታ እንደሄደ እያወቀች ነው በየቀኑ መጥታ እዚህ ደፍ ላይ ሻይ የጠጣችው። እያወቀች ነው አሁን ደረቷ እስኪቀደድ የምትስለው፤ ለዑስማን። ሐሊሜ መሬት ብትከፈት ደስ ባላት።

ምንዋጋው ጠበቀ። ውሃ ስጧት እንኳ አላለም። የሴትየዋ ጉልበት እስኪያልቅ ጠበቀ። ጥሩሐረግ አቅሟ አለቀ፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቁና ቁና ተነፈሰች። እሳቱ ይንጣጣል። ከዚያ ከቆጡ ላይ፣ ከማሽላው ጆንያ ጀርባ፣ ታፍኖ ታፍኖ የቆየው ሳል ወጣ። አንዴ ከወጣ በኋላ አላቆመም።

«ጭስ የማይወጣበት ቤት ወይ የደኸየ ነው ወይ የደበቀ» አለ ምንዋጋው፣ ሳቅም ቁጣም በሌለው ድምፅ። «እናንተ ደግሞ አልደኸያችሁም።» ወደ ላይ ቀና አለ። «ና ውረድ ልጄ። ሻዩ ፈልቷል።»

ዑስማን መሰላሉን ሲወርድ እግሩ ተብረከረከ፤ ቀጥ ብሎ መቆም ረስቷል። ፊቱ ነጥቷል፣ ጢሙ አድጓል፤ ጥበቃዎቹ እንኳ ሲያዩት ጠመንጃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሐሊሜ ምን እንደምታደርግ ጠፋት። የቀዳችው ለምንዋጋው ነበር፤ ትኩሱን ብርጭቆ ለልጇ ሰጠችው። አምስት ወር ሙሉ ትኩስ ሻይ አልቀመሰም። እየሳለ፣ ጣቱ እየተቃጠለ፣ እየተቻኮለ ጠጣው። ምንዋጋው ሳሉን አዳመጠ፤ ግንባሩን ቋጠረ።

«ይሄ ሳል ከልጅነቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ከኩፍኙ ወዲህ» አለ ዓብዱልቃድር።

«እንግዲያው ያኔ ሐኪሙ ፊት ብታቀርቡት ይመልሰው ነበር። እንዲህ ያለውን አይወስዱም፤ ስንቱን መለሱ።» መሐረቡን አጣጠፈ። «አሁን ግን የሸሸ ነው። የሸሸ ሰው ደረቱን የሚያይለት የለም።»

ሐሊሜ ምንዋጋው እግር ላይ ወደቀች። «ባሳደገህ ይዤሃለሁ! ምንዋጋው! እኔን ውሰደኝ!» «እርስዎ» ማለቱን ረሳችው። እሱ በክንዷ ይዞ አነሣት፤ እውነትም ቀስ ብሎ ነው ያነሣት። «እትዬ ሐሊሜ፣ እኔም ከላይ ቁጥር አለብኝ» አላት፣ ልጅ ሳለ ክሩ አልቋል ስትለው በሚመልስላት ዓይነት ድምፅ። ከዚያ ወደ ዑስማን ዞረ። «አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም። ጎረቤትህ ምትኩም እዚያው ነው፤ ትገናኙ ይሆናል።»

ዑስማን ብርጭቆውን ዝቅ አደረገ። እናቱን አየ። ፊቱን ወደ ጥሩሐረግ መለሰ፤ ከዚያ አንገቱን ደፋ። ሐሊሜ ከዚያ ቀን ብዙ ነገር ትረሳለች፤ ያን አስተያየት ግን አትረሳውም። ዓብዱልቃድር ካፖርቱን አውልቆ ለልጁ አለበሰው፤ ለመጀመሪያ ቀን ተማሪ ቤት እንደሚልከው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈለት። በሩ ላይ ሲደርሱ ጥሩሐረግ የልጁን እጅጌ ያዝ አደረገች። ድምፅዋ ከሳሉ የተነሣ ጎርንኗል።

«ካገኘኸው አህያዋ ወለደች በለው። ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ስም ላክልን በለው።»

«እሺ እማማ» አለ ዑስማን። ሳለ። ወሰዱት፤ ዓብዱልቃድርም ሱቁን እንደተከፈተ ትቶ ባዶ እጁን ተከተላቸው። ሳሉ ዳገቱን እስኪያጥፉ ድረስ ይሰማ ነበር።

ሐሊሜ ምድጃው ፊት ተቀምጣለች። ቀድታ ያልጨረሰችው ቅል አጠገቧ ነው፤ ለአበርገሌ መንገድ የታሰበው ቀዝቃዛ ሻይ፣ ተዪው ያላት ቅርንፉድ እንዳለበት። ወይራው አሁን በደንብ ነዷል፤ ፍሙ ቀይ ሆኗል። ጭሱ ወደ ቆጡ ይወጣል፤ ከላይ የሚያስለው ሰው የለም። ጥሩሐረግ አልሄደችም። ትንሽ ቆይታ ጎንበስ አለችና መሬት ላይ የተጣለውን ገሏን አነሣች፤ አመዱን በእጇ ጠረገችው። ቅድም ጠፍቷል ብላ የዋሸችው እሳቷ እሷ እዚህ ስትቆይ አሁን በእውነት ጠፍቷል፤ እራቷንም አልሠራች። እንደ ጠዋቱ ጊዜ ሁሉ ገሉን ዘረጋች።

«እሳት አለሽ?» አለች።

«አለኝ» አለቻት ሐሊሜ። «ነይ ጫሪ። ከእንግዲህ ሁልጊዜ አለኝ።»